ከጫፉ ሦስት ቀን ሲቀረው የተፈረመ ውል

ጁላይ 8 ቀን 2008 የስሪላንካው መንግሥታዊ የነዳጅ ድርጅት፣ ሲሎን ፔትሮሊየም ኮርፖሬሽን፣ ከዶይቸ ባንክ ጋር ውል ገባ። ዓላማው ድርጅቱን ከነዳጅ ዋጋ ንረት መጠበቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ጁላይ 11፣ ድፍድፍ ነዳጅ በኒውዮርክ ገበያ በበርሜል 147 ዶላር ከ27 ሳንቲም ደረሰ። እስከዚያ ቀን ድረስ እዚያ ደርሶ አያውቅም። በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር እንኳ አልደረሰበትም። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 4 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው፤ የሚሊኒየሙ ዓመት ክረምት።

ከዚያ በኋላ ዋጋው ቁልቁል ሄደ። የስሪላንካው (የኮሎምቦው) ውል ደግሞ ዋጋ ሲወርድ ድርጅቱን የሚያስከፍል ነበር። ጣጣው ለዓመታት ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲንከባለል ቆየ። አንድ ሚኒስትር ከነዳጅ ኃላፊነታቸው እንዲነሱ ታዘዘ፤ ድርጅቱ ለንደን፣ አገሪቱ ደግሞ ዋሽንግተን ድረስ ተከሰሱ።

ነገሩን ዛሬ ስናየው የሞኝ ሥራ ይመስላል። ያኔ ግን አልነበረም። ሰዎቹ ለምን እንደፈረሙ ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበሩትን ስድስት ወራት ማየት ያስፈልጋል። (ቀኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የገበያው መዝገብ በዚያ ስለሆነ ይቅለለን።)

ከ100 እስከ 147

ዓመቱ የጀመረው በአንድ አስቂኝ ነገር ነው። ጃንዋሪ 2 ቀን በኒውዮርክ የነዳጅ ገበያ ዋጋው ለመጀመሪያ ጊዜ 100 ዶላር ነካ። የነካው ግን በአንድ ሰው ግዢ ነው። በዚያ ገበያ ትንሹ ውል 1,000 በርሜል ነው። ነጋዴው አንዱን ውል በ100 ዶላር ገዛና ወዲያው በኪሳራ ሸጠው። የከሰረው 600 ዶላር ገደማ ነው። «100 ዶላር የከፈልኩት የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ» ለማለት ነው ያደረገው ብለው ብዙዎች አሙት። ዜናው ግን ዓለምን ዞረ። ሦስት አኃዝ የሆነ ዋጋ ታየ ተባለ።

በማርች ሌላ ምልክት ታለፈ። ከኢራን አብዮት በኋላ በ1980 የታየው ዋጋ፣ የዶላር የመግዛት አቅም ሲሰላ፣ ከ103 እስከ 104 ዶላር ይጠጋ ነበር። ያም ተሰበረ። በሜይ መጀመሪያ 120 ሆነ። ወሩ ሳያልቅ 130ን አለፈ።

ከዚያ ጁን 6 መጣ። ዓርብ ቀን ነው። በአንድ ቀን ብቻ ዋጋው 10 ዶላር ከ75 ሳንቲም ጨመረ። ልብ በሉ፤ በ1998 መጨረሻ አንድ ሙሉ በርሜል፣ 159 ሊትር ድፍድፍ፣ የሚሸጠው በዚያችው ዋጋ አካባቢ ነበር። አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ የሙሉ በርሜል ዋጋ የነበረው የአንድ ቀን ጭማሪ ሆነ። የዕለቱ ምክንያት ሦስት ነበር። የአሜሪካ ሥራ አጥነት ከ5 ወደ 5.5 በመቶ መዝለሉ ተነገረና ዶላር ደከመ። የእስራኤሉ የትራንስፖርት ሚኒስትር ሻውል ሞፋዝ ኢራንን መምታት የማይቀር ነገር እንደሚመስል ተናገሩ። የሞርጋን ስታንሊ ባንክ ተንታኝ ደግሞ ነዳጅ በአንድ ወር ውስጥ 150 ዶላር ሊገባ ይችላል አለ። አንዱም ቢሆን ከመሬት አንዲት በርሜል አልቀነሰም። ገበያው ግን ተንቀጠቀጠ።

ለምን እንዲህ ስስ ሆነ? ከ2005 ጀምሮ የዓለም ምርት ብዙም አላደገም። ፍላጎቱ ግን አደገ፤ በተለይ የቻይና። ዓለም በቀን 86 ሚሊዮን በርሜል ገደማ ያቃጥል ነበር። አንድ ቦታ ቢቋረጥ ቶሎ ተከፍቶ ሊተካ የሚችለው ትርፍ የማምረት አቅም ግን 2 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። አብዛኛውም ሳዑዲ አረቢያ እጅ ነው። መጠባበቂያ በሌለበት ቤት ትንሿ ወሬ ትልቅ ድንጋጤ ትሆናለች።

ወሬው ደግሞ አላቋረጠም። ሜይ 12 የቻይናን ሲቹዋን ግዛት ርዕደ መሬት መታት። ኃይል ሲቋረጥ ጄኔሬተር ተነሳ፤ ጄኔሬተር ናፍጣ ይጠጣል። በዚያ ላይ ቻይና ለቤጂንግ ኦሊምፒክ ነዳጅ ታከማች ነበር። ደቡብ አፍሪካ መብራት በፈረቃ ነበረች። እኛም እንዲሁ። ግድቦቻችን ውኃ አጥሯቸው ነበር፤ የዚያን ዓመት ፈረቃ የሚያስታውስ አዲስ አበቤ የሱቆቹን ጄኔሬተር ጩኸትም አይረሳም። ጁን 19 ደግሞ የናይጄሪያ ታጣቂዎች በጀልባ ከባሕር ዳርቻ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ሄደው ቦንጋ የሚባለውን የሼል የነዳጅ ማምረቻ መድረክ አጠቁ። እዚያ ማንም አይደርስም ይባል ነበር። በቀን 200,000 በርሜል ገደማ ቆመ።

በአሜሪካ ምክር ቤት ደግሞ ሌላ ክርክር ጦፏል። ማይክል ማስተርስ የሚባሉ የገንዘብ ሥራ አስኪያጅ ሜይ 20 ለሴኔቱ ቀርበው ጥፋተኛው የጡረታ ፈንድና የኢንቨስትመንት ገንዘብ ነው አሉ። የሸቀጥ ዋጋ መለኪያዎችን (ኢንዴክስ) ተከትሎ የፈሰሰው ገንዘብ በ2003 ከነበረው 13 ቢሊዮን ዶላር በ2008 መጀመሪያ ወደ 260 ቢሊዮን አድጓል ብለው አሳዩ። የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ቡድን ግን በጁላይ ባወጣው ዘገባ፣ ዋጋውን የገፋው በዋነኛነት አቅርቦትና ፍላጎት ነው ሲል ደመደመ። እኔ ሁለቱም ቁራጭ እውነት የያዙ ይመስለኛል። እጥረቱ ባይኖር ገንዘቡ ብቻውን 147 ላይ አያደርስም ነበር። እጥረቱም ብቻውን ያን ሁሉ ዶላር በአንድ ቀን አይጨምርም።

ለኮሎምቦ ታሪክ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ትንበያው ነው። የጎልድማን ሳክስ ባንክ ተንታኞች በ2005 ነዳጅ 105 ዶላር ሊደርስ ይችላል ብለው ነበር። ያኔ ዋጋው 50 ዶላር ገደማ ነበርና ብዙዎች ሳቁ። ደረሰ። እነዚያው ሰዎች በሜይ 2008 ከ150 እስከ 200 ዶላር ሊገባ ይችላል ሲሉ የሚስቅ ጠፋ። አንዴ ልክ የሆነ ሰው ሁለተኛ ሲናገር ጆሮ አያጣም።

ጁን 22 የሳዑዲው ንጉሥ አብዱላህ የአምራችና የሸማች አገሮችን ጅዳ ላይ ሰበሰቡ። የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን ሳይቀሩ ሄዱ። ሳዑዲ ምርቷን በቀን ወደ 9.7 ሚሊዮን በርሜል እንደምታሳድግ ቃል ገባች። ገበያው በማግስቱ ምን አደረገ? ዋጋውን ከፍ አደረገ። ትልቁ አምራች እንኳ ሊያወርደው ካልቻለ ማን ያወርደዋል? በዚያ ሰሞን ብዙ የገንዘብ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ውስጥ የነበረው ስሜት ይኸው ነበር።

ኮሎምቦ ላይ ምን ነበር?

ስሪላንካ የራሷ ነዳጅ የላትም። ከኮሎምቦ ወጣ ብሎ ሳፑጋስካንዳ የሚገኘው ማጣሪያዋ ያኔ የሚሠራው በአብዛኛው ከኢራን በሚመጣ ድፍድፍ ነበር። በ2008 አገሪቱ ጦርነት ውስጥ ነበረች፤ ከአማፂዎቹ ከታሚል ነብሮች ጋር የሚደረገው ውጊያ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደርሷል። የውጭ ምንዛሪ ለጥይትም ለነዳጅም ይፈለጋል። በሜይ መጨረሻ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 157 ሩፒ ሆነ። ባለ ሦስት እግር ባጃጅ የሕዝቡ እግር በሆነበት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ስለዚህ የዋጋ መከላከያ ውል፣ ፈረንጆቹ ሄጂንግ የሚሉት፣ የሚባለው ሐሳብ ሲመጣ እብደት አልነበረም። ማዕከላዊ ባንኩ ራሱ ይገፋፋ ነበር። ካቢኔውም ፈቅዷል። ድርጅቱ ከበርካታ ባንኮች ጋር ተዋዋለ፤ ስታንዳርድ ቻርተርድ፣ ሲቲባንክና ዶይቸ ባንክ ከውጭ፣ ሌሎች ደግሞ ከአገር ውስጥ። የድርጅቱ ሊቀ መንበር የቀድሞ የብሔራዊ ቡድን የክሪኬት ተጫዋች ነበሩ። ይህን የማነሳው ለማላገጥ አይደለም። በኋላ ፍርድ ቤት ውስጥ «ውሉን ገብቷቸው ነው ወይስ ሳይገባቸው የፈረሙት?» የሚለው ጥያቄ ዋና ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ውሉ ሆድ እንግባ። የዶይቸ ባንኩን ልውሰድ፤ ዝርዝሩ በግልግል ዳኝነት ስለወጣ ነው።

ውሉ ለ12 ወራት፣ በወር ለ100,000 በርሜል ነው። መነሻ ዋጋው 112 ዶላር ከ50 ሳንቲም። የወሩ የነዳጅ ዋጋ ከዚያ በላይ ከሆነ ባንኩ ልዩነቱን ለድርጅቱ ይከፍላል። ከዚያ በታች ከሆነ ድርጅቱ ልዩነቱን ለባንኩ ይከፍላል። እስከዚህ ድረስ ፍትሐዊ ይመስላል። ሁለት ሰዎች ተወራረዱ፤ አንዱ ይወጣል አለ፣ ሌላው ይወርዳል አለ።

ጉዱ ያለው ቀጥሎ ነው። ባንኩ የሚከፍለው ጣሪያ ነበረው። በድምሩ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ከከፈለ ውሉ ያበቃል። የድርጅቱ ክፍያ ግን ጣሪያ አልነበረውም። ዋጋው በወረደ ቁጥር፣ እስከ 12ኛው ወር፣ መክፈል ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። አንድ ወር በአማካይ 133 ዶላር ሆነ እንበል። ልዩነቱ 20 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። በ100,000 በርሜል ሲባዛ 2 ሚሊዮን 50 ሺህ ዶላር። በአንድ ወር ብቻ ባንኩ ሊከፍል የሚችለው ሁሉ ሊያልቅ ነው። የሚቀጥለው ወር ላይ ጥቂት ጨምሮ «በቃ፣ ውሉ አልቋል» ይላል። ማለትም ነዳጅ በእርግጥ 200 ዶላር ቢገባ፣ ድርጅቱ የሚፈራው ነገር ቢደርስ፣ ውሉ በመጀመሪያው ወር ይጠፋል። ለአንድ አገር የነዳጅ ሒሳብ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ምን ያደርጋል? የአንዲት መርከብ ጭነት ሩብ እንኳ አይሆንም።

በተቃራኒው በአንድ ወር ዋጋው 42 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሆነ እንበል። ልዩነቱ 70 ዶላር ነው። ድርጅቱ የሚከፍለው በወር 7 ሚሊዮን ዶላር። በየወሩ።

ይህ ዓይነት ውል «ያለ ወጪ» ይባላል፤ ሲፈረም የሚከፈል ነገር ስለሌለ ነው። ለካዝና ባዶ መንግሥት ይህ ቃል እንዴት እንደሚጣፍጥ አስቡት። ነገር ግን መኪና ያለው ሰው መድን ሲገባ ዓረቦን ይከፍላል፤ የማይከፈልበት መድን የለም። ዓረቦን ካልጠየቁህ ምናልባት አንተ ነህ መድን ሰጪው። የሆነውም ይኸው ነው። ስሪላንካ ለዋጋ መናር ትንሽዬ ከለላ ወሰደች፤ በምትኩ ለባንኮቹ የዋጋ መውረድን ሙሉ መድን ሰጠች። የሰጠችው ደግሞ ዋጋው በታሪክ ከፍተኛው ቦታ ላይ በነበረበት ሳምንት ነው።

አንድ ነገር ግን ለፍትሕ ሲባል መናገር አለብኝ። በዚያ ሰሞን እንዲህ የተሳሳተው ኮሎምቦ ብቻ አይደለም። የሆንግ ኮንጉ ካቴይ ፓሲፊክ፣ ኤር ቻይና፣ ቻይና ኢስተርን፣ ሁሉም በነዳጅ መከላከያ ውል ከባድ ኪሳራ ጽፈዋል። እነዚህ ባለሙያ የሞላባቸው ድርጅቶች ናቸው። ሁሉም ወደ ላይ ብቻ ነበር የሚያዩት።

ቁልቁለቱ

ዋጋውን ያወረደው አዲስ ጉድጓድ አይደለም። ሰው መግዛት አቆመ። አሜሪካ ውስጥ አንድ ጋሎን ቤንዚን በጁላይ አጋማሽ ከ4 ዶላር ከ10 ሳንቲም በላይ ሆነ። ሰዎች መንዳት ቀነሱ፤ ትልልቅ መኪኖች ገዢ አጡ። በእስያም ድጎማውን መሸከም አቃተ። ኢንዶኔዢያ በሜይ ዋጋ ጨመረች። ማሌዢያ በጁን መጀመሪያ ቤንዚንን በአንድ ሌሊት 41 በመቶ ከፍ አደረገች። ሕንድና ቻይና ተከተሉ። እስከዚያ ድረስ በእነዚህ አገሮች ያለው ነጂ የዓለም ዋጋ አይደርስበትም ነበርና የሚቀንስበት ምክንያት አልነበረውም። የስፔን የጭነት መኪና ነጂዎች መንገድ ዘጉ፤ የአውሮፓ ዓሣ አስጋሪዎች ጀልባቸውን አቆሙ። እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ በዚህ ዋጋ አንችልም።

ጁላይ 15 ዋጋው በአንድ ቀን ከ6 ዶላር በላይ ወደቀ። ሴፕቴምበር 15 የአሜሪካው ባንክ ሌህማን ብራዘርስ ከሰረ። ከዚያ በኋላ ያለው ነዳጅ ብቻ አይደለም፤ የዓለም ንግድ ቆመ ማለት ይቻላል። ዲሴምበር 17 የነዳጅ ላኪ አገሮች ማኅበር፣ ኦፔክ፣ አልጄሪያ፣ ኦራን ላይ ተሰብስቦ በቀን 2.2 ሚሊዮን በርሜል ለመቀነስ ወሰነ። ዋጋው ያም ሆኖ ወረደ። ጅዳ ላይ ምርት ሲጨመር ዋጋው ወጣ፤ ኦራን ላይ ምርት ሲቀነስ ዋጋው ወረደ። ከሁለት ቀን በኋላ በርሜሉ ከ34 ዶላር በታች ተዘጋ። ከ147 ወደ 34፣ በአምስት ወር ውስጥ።

ኮሎምቦ ውስጥ በዚህ ጊዜ የባንኮቹ ደረሰኝ መምጣት ጀምሯል። ነገሩ አደባባይ ወጣ። ኖቬምበር 28 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጊዜያዊ ትእዛዝ ሰጠ፤ ክፍያው ይቁም፣ ሊቀ መንበሩ ይታገዱ፣ የነዳጅ ሚኒስትሩም ከዚያ ኃላፊነት ይነሱ። ዲሴምበር 16 ማዕከላዊ ባንኩ ምርመራውን ጠቅሶ ውሎቹ እንከን አለባቸው፣ ባንኮቹ እንዳያስፈጽሟቸው አለ። ቀድሞ ሄጂንግ ይጠቅማል ሲል የነበረው ማዕከላዊ ባንክ ነው ይህን ያለው። ፍርድ ቤቱ ከዚያም አልፎ ቤንዚን በሊትር 100 ሩፒ እንዲሸጥ አዘዘ። መንግሥት አልፈጸመም። በጃንዋሪ መጨረሻ ፍርድ ቤቱ ትእዛዞቹን አነሳ። ዳኛ የማደያ ዋጋ ሲቆርጥ ማየት ብርቅ ነው፤ ብዙም አለመቆየቱ አይገርምም።

ሜክሲኮ ሌላ መንገድ ሄደች

በዚያው ዓመት ሜክሲኮም ውል ገባች። ሜክሲኮ ነዳጅ ሻጭ ናት፤ የምትፈራው የዋጋ መውረድን ነው። በገንዘብ ሚኒስትሩ አጉስቲን ካርስተንስ ዘመን 330 ሚሊዮን በርሜል ነዳጅ በ2009 እያንዳንዱን በ70 ዶላር የመሸጥ መብት ገዛች። ግዴታ አይደለም፤ መብት ነው። ዋጋው ከ70 በላይ ከቆየ ወረቀቱ ይጣላል። ለዚህ መብት ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ከፈለች።

1.5 ቢሊዮን ዶላር ለወረቀት! ዋጋው ባይወርድ ኖሮ ተቃዋሚው ሁሉ በቴሌቪዥን ቀርቦ «የሕዝብ ገንዘብ ባከነ» ባለ ነበር። ወረደ። ሜክሲኮ በ2009 መጨረሻ ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበች።

ሜክሲኮ ከስሪላንካ የበለጠ ትንቢት ታውቅ ነበር ብዬ አላስብም። ልዩነቱ የውሉ ቅርጽ ነው። ሜክሲኮ ብትሳሳት የምታጣው ከመጀመሪያው ይታወቃል፤ የከፈለችው ዓረቦን ነው። ስሪላንካ ብትሳሳት የምታጣው ልክ አልነበረውም። እኔ ከዚህ ጉዳይ የያዝኩት ነገር ይኸው ነው። ስለ ነዳጅ ዋጋ የሚያወራ ባለሥልጣን ሲመጣ «ወዴት ይሄዳል ብለህ ትገምታለህ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይረባም። «ግምትህ ስህተት ቢሆን ስንት እንከፍላለን?» ነው ጥያቄው።

እኛስ?

ኢትዮጵያ በዚያ ዓመት ከባንክ ጋር አልተወራረደችም። የእኛ መንገድ ድጎማ ነበር። የነዳጅ ዋጋ ማረጋጊያ ፈንድ የሚባል አለ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ዋጋ ሲረክስ ይቆጠባል፣ ሲወደድ ከቁጠባው ይደጎማል። ችግሩ ዋጋው ለዓመታት ሳያቋርጥ ሲወጣ ነው። ያኔ ፈንዱ የሚደጉመው ከቁጠባ ሳይሆን ከዕዳ ይሆናል።

ሒሳቡ የወጣው በሌላ በር ነው። በ2008 አጋማሽ የአገሪቱ የዋጋ ግሽበት ከዓመት በፊት ከነበረው ጋር ሲነጻጸር ከ60 በመቶ በላይ ደረሰ፤ እርግጥ ነው አብዛኛው የእህል ዋጋ ነው። የውጭ ምንዛሪ ክምችቱ ለአንድ ወር ገደማ ዕቃ መግዣ የሚበቃ ብቻ ሆነ። በኦክቶበር 2008፣ ጥቅምት አካባቢ፣ መንግሥት ድጎማውን አነሳ።

ቀኑን ከላይ ካለው ጋር አስተያዩት። የዓለም ዋጋ ከሦስት ወር በፊት መውረድ ጀምሯል። እኛ ማደያ ላይ ግን ዋጋው የወጣው ያኔ ነው። ዓለም 147ን ሲያይ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂ በድጎማ ተሸፍኖ ነበር፤ ዓለም ሲተነፍስ እሱ ጨመረበት። «ውጭ እየረከሰ እዚህ ለምን ይወደዳል?» የሚለው ምሬት ከዚያ ነው የመጣው። መልሱ አለ፤ ተደብቆ የቆየ ዋጋ መከፈሉ ስለማይቀር ነው። ግን በሚያዝያ ቢነገር የሚዋጥ መልስ በጥቅምት አይዋጥም። መንግሥት በዚያው ሰሞን የፊንጫን ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀልም ጀምሯል፤ አምስት በመቶ። ጠቃሚ ነው፤ ለዚያ ጉድጓድ ግን ጠብታ ነው። በጃንዋሪ 2009 ከዓለም የገንዘብ ድርጅት 50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተፈቀደ።

የትኛው ይሻላል፣ የኮሎምቦው ወይስ የእኛው? እውነቱን ለመናገር ድጎማውን እመርጣለሁ። ቢያንስ ገንዘቡ የሄደው ለአገሬው ነጂና ላምባ ለምታነድ እናት ነው፤ ለባንክ አይደለም። ነገር ግን ሁለቱም አንድ ጉድለት ይጋራሉ። ሁለቱም ልክ የላቸውም። ዋጋው የት ሲደርስ እንደሚቆሙ ቀድመው አልወሰኑም። በእኛ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. የታለመ ድጎማ ሲጀመር፣ ማለትም ድጎማው ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ ይቆይ ሲባል፣ ቢያንስ ይህ ጥያቄ ጠረጴዛ ላይ መጥቷል። አፈጻጸሙ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ደረሰኙ

ወደ ስሪላንካ ልመለስ፤ ክሱ አላለቀምና።

ስታንዳርድ ቻርተርድ ለንደን ላይ ከሰሰ። ድርጅቱ ብዙ መከላከያ አቀረበ፤ እንዲህ ያለ ውል ለመግባት ሥልጣን የለኝም፣ ይህ ቁማር እንጂ መከላከያ አይደለም፣ የፈረሙት ሰዎች አልተፈቀደላቸውም። ዳኛው በጁላይ 2011 አልተቀበሉም። ባንኩ አማካሪ አይደለም፣ ተዋዋይ ነው፤ ድርጅቱም የሚሠራውን ያውቅ ነበር አሉ። የተፈረደው 162 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በይግባኝም ጸና።

ዶይቸ ባንክ የሄደው በሌላ በር ነው። በጀርመንና በስሪላንካ መካከል የነበረውን የኢንቨስትመንት ጥበቃ ስምምነት ይዞ ዋሽንግተን የሚገኘው የዓለም ባንክ የግልግል ማዕከል ገባ። የተከሰሰው ድርጅቱ ሳይሆን አገሪቱ ናት። ክሱ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱና የማዕከላዊ ባንኩ እርምጃ ንብረቴን እንደመውረስ ነው የሚል ነበር። ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ ተስማሙ። አንዱ ግን እንዲህ ያለ የወረቀት ውል እንዴት ስሪላንካ ውስጥ የተደረገ ኢንቨስትመንት ይባላል ብለው በልዩነት ወጡ። እኔ ብሆን ከእሳቸው ጋር እሆን ነበር፤ ፋብሪካ አልተተከለም፣ ጉድጓድ አልተቆፈረም። ግን ድምፁ ሁለት ለአንድ ነው። በኦክቶበር 2012 ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከነወለዱ እንድትከፍል ተወሰነ። ያ ሁሉ፣ የባንኩ ኪሳራ በ2.5 ሚሊዮን በተገደበበት ውል።

ሲቲባንክም ከሷል፤ ለንደን፣ በግልግል ዳኝነት። እሱ ተሸነፈ። አገሩ ያው ነው፤ ድርጅቱም፣ ዓመቱም፣ የነዳጁም ዋጋ ያው። አንዱ ሸንጎ «አውቀው ፈረሙ፣ ይክፈሉ» ሲል ሌላው ባንኩን ባዶ እጁን መለሰው።